ቅጠሉ ረኃብን ቢያጠፋ ጾም ምን ይሆናል?

ረኃብን ጸጥ የሚያሰኝ ቅጠል ቢገኝ ጾም ምን ይሆናል? ጥያቄው የፈላስፎች ብቻ ይመስላል። እኔ ግን በምሠራበት መድኃኒት ቤት መስኮት ላይ በልዩ ልዩ ቃል ሁልጊዜ ይቀርብልኛል። «ዶክተር፣ ምግብ የሚያስጠላ ነገር የለም?» ይላል አንዱ። «የሚያከሳ ቅጠል አለ ሲሉ ሰማሁ» ትላለች ሌላዋ። ዓቢይ ጾም ሲቃረብ ደግሞ በዕድሜ የገፉ እናቶች ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው፣ «ልጄ፣ ይህን የስኳር ክኒን እየዋጥኩ ጾሜ ጾም ይሆንልኛል?» ይሉኛል። የሦስቱም ጥያቄዎች ሥር አንድ ነው። ሰው የገዛ ሆዱን የሚገዛው በምንድን ነው? በፈቃዱ ነው ወይስ በመድኃኒት? በመድኃኒት ከገዛውስ ድሉ የማን ነው?

እኔ ፋርማሲስት ነኝ፤ የካህን ልጅም ነኝ። ሁለቱ በአንድ ሰው ውስጥ ሲገናኙ ጥያቄውን «የሃይማኖት ነው» ብሎ ለቤተ ክርስቲያን፣ «የሳይንስ ነው» ብሎ ለላቦራቶሪ ትቶ መገላገል አይቻልም። ስለዚህ ከሁለቱም ወገን የማውቀውን አቅርቤ ፍርዴን እናገራለሁ። የምጠቅሳቸው ዓመታት በሙሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

እናቴ ሰባቱን አጽዋማት ሳታጓድል የጾመች ሴት ናት። ዓቢይ ጾምን ሃምሳ አምስቱንም ቀን፣ ነቢያትን፣ ሐዋርያትን፣ ፍልሰታን፣ ነነዌን፣ ገሃድን፣ ረቡዕና ዓርብን ትጾማለች። ከቅዳሴ በፊት ውኃ እንኳ አፏ አይገባም። ዘጠኝ ሰዓት ሲሆን እንጀራ በሽሮ ወይም በክክ ትቀምሳለች፤ ለጎረቤት ልጅ የሚተርፍ ካለም ከሳህኗ ታካፍላለች። ሰውነቷ ግን ከማስታውሳት ጊዜ ጀምሮ ከባድ ነው። ደረጃ ስትወጣ ታለከልካለች፤ ቅዳሴ ላይ ጉልበቷ ሲከዳት ግድግዳ ተደግፋ ትቆማለች። በማኅበርና በለቅሶ ቤት «ጾሙንስ ትጾማለች፤ ማታ ምን እንደምትበላ ግን ማን ያያል» ሲባል በጆሮዬ ሰምቻለሁ። ይህ አነጋገር የእናቴን ሰውነት በገዛ ጾሟ ላይ ምስክር አድርጎ ያቆመ ፍርድ ነበር። የምሟገተው ከዚያ ፍርድ ጋር ነው።

ሐሜተኞቹ ይህን ሐሳብ ከባዶ ሜዳ አላመጡትም። በአራተኛው መቶ ዘመን በግብፅ በረሃ የኖረው መነኩሴ ኢቫግርዮስ፣ ሰውን ከሚፈታተኑት ስምንት ክፉ ሐሳቦች መጀመሪያ ላይ ያስቀመጠው ሆዳምነትን ነው። በእኛም ዘንድ መጻሕፍተ መነኮሳት፣ ማር ይስሐቅን ጨምሮ፣ ሆድን አለመግዛት ለሌላው ፈተና በር እንደሚከፍት ያስተምራሉ። ነገር ግን እነዚህ አባቶች ይጽፉ የነበረው ደረቅ ዳቦና ውኃ ለሚመገቡ፣ አጥንታቸው ለገጠጠ ሰዎች ነው። የሚናገሩት ስለ ምኞት ነው፤ ስለ ክብደት አልነበረም። አንድ ሰው ከስቶ ሳለ ሐሳቡ ሁሉ ማዕድ ላይ ሊውል ይችላል፤ ሌላው ወፍሮ ሳለ ከፊቱ ያለውን ምግብ ለራበው ሰጥቶ ሊነሣ ይችላል። ሚዛን የሚለካው ሥጋን ነው። ምኞትን የሚለካ ሚዛን በማንም መድኃኒት ቤት የለም።

ፍትሐ ነገሥት በአንቀጽ 15 ስለ ጾም ሲናገር፣ ሰው በታወቀ ጊዜ ከምግብ መከልከሉን ከገለጸ በኋላ ዓላማውን ያስከትላል፤ የሥጋ ፈቃድ ለምታስበዋ ነፍስ እንዲታዘዝ ነው። ለዚህ ጽሑፍ ከዚህ የበለጠ መነሻ አላውቅም። መታዘዝ ካለ የሚታዘዝ ነገር መኖር አለበት። ፍላጎት የሌለው ሰው ፍላጎቱን ገዛ አይባልም። ቀኑን ሙሉ ተኝቶ የዋለ ሰው አልጾመም፤ ወባ ይዞት የምግብ ሽታ የሚያስመልሰውም አልጾመም። እንግዲያው ረኃብን ከሥሩ ነቅሎ የሚያጠፋ ቅጠል ቢገኝ፣ ያን በልቶ እስከ ዘጠኝ ሰዓት የቆየ ሰው ሰዓቱን አሳለፈ እንጂ ጾመ ለማለት ይከብደኛል።

እዚህ ላይ ብቆም ግን የእናቴን ጎረቤቶች ባገዝኩ ነበር። የረኃብ ጉልበት በሰው ሁሉ ላይ እኩል አይደለምና።

በ1994 በኒው ዮርክ ሮክፌለር ዩኒቨርሲቲ ጄፍሪ ፍሪድማንና ባልደረቦቹ የሌፕቲንን ጂን አገኙ። ሌፕቲን ከሰውነት ስብ ተነሥቶ ወደ አንጎል የሚሄድ ሆርሞን ነው፤ «ስንቁ ሞልቷል፣ ይበቃል» የሚል ደብዳቤ በሉት። ከሦስት ዓመት በኋላ በእንግሊዝ አገር ይህ ሆርሞን በደማቸው እጅግ ያነሰ ሁለት የአክስትና የአጎት ልጆች ተገኙ። ልጆቹ ከተወለዱ ጥቂት ወራት ጀምሮ ጠግበው አያውቁም ነበር። ምግብ ሲከለከሉ ይጮኹ ነበር፤ ክብደታቸውም ከእኩዮቻቸው እጅግ ይበልጥ ነበር። በ1999 በታተመው ዘገባ እንደተጻፈው፣ ከሁለቱ አንዷ የሆነችው የ9 ዓመት ልጅ የጎደላትን ሆርሞን በመርፌ መውሰድ ስትጀምር ከመጠን ያለፈ ረኃቧ ቶሎ ቀነሰ፤ በአንድ ዓመትም 16 ኪሎ ያህል ቀለለች። ይህች ልጅ ከመርፌው በፊት ሆዳም፣ ከመርፌው በኋላ ደግሞ ባሕታዊት ነበረችን? ኃጢአት በመርፌ አይወገድም። የተወገደው በሽታ ነበር።

እንዲህ ያለው የጂን ጉድለት በጣም ጥቂት ሰዎች ላይ ብቻ የሚታይ ነው፤ የሌፕቲን መርፌም ለአብዛኛው ወፍራም ሰው አልሠራም። ትምህርቱ ግን ለሁላችንም ይሆናል። ረኃብ ከፈቃዳችን በታች በሚገኝ ቦታ፣ በአንጎል፣ በአንጀት፣ በስብና በቆሽት መካከል የሚቃኝ ነገር ነው። ክብደቱን የቀነሰ ሰው አካል ራሱ ረኃቡን ጨምሮ፣ የሚያቃጥለውን ጉልበት ቀንሶ ወደ ቀድሞው ሊመልሰው ይታገላል። የዓለም ጤና ድርጅት እንደሚለው በ2022 ከመጠን ባለፈ ውፍረት የሚኖሩ ሰዎች ቁጥር ከ1 ቢሊዮን በላይ ነበር፤ በአዋቂዎች ዘንድ ያለው ድርሻም ከ1990 ወዲህ ከእጥፍ በላይ ጨምሯል። የሰው ልጅ በሠላሳ ዓመት ውስጥ በእጥፍ ሆዳም ሆነ የሚል ካለ ያስረዳኝ። የተለወጠው ምግቡ፣ ሥራውና ኑሮው ነው። በከተማችን የጾም ቀን እንኳ በሳምቡሳ፣ በቦምቦሊኖ፣ በዘይት በተጠበሰ ድንችና በለስላሳ መጠጥ የሚያልቅበት ቤት ብዙ ነው። ሥጋና ቅቤ ቀርቶ ስኳርና ዘይት ሲተካ ሥርዓቱ ተጠብቋል፤ ቆሽት ግን ያረፈበት ጊዜ የለም።

ዕፅዋት ወደዚህ ጉዳይ የሚገቡት እዚህ ላይ ነው። እኔ በየቀኑ ከማድላቸው መድኃኒቶች ውስጥ ከቅጠልና ከልጣጭ የተነሡትን ሳስብ አሁንም እደነቃለሁ።

በአውሮፓ ሜዳዎች ጋሌጋ የሚባል፣ ከአተርና ከባቄላ ወገን የሆነ፣ ሐምራዊና ነጭ አበባ የሚያወጣ ተክል ይበቅላል። በመካከለኛው ዘመን ብዙ ለሚጠማውና ለሚሸናው በሽተኛ ይሰጥ እንደነበር ይነገራል። ይኸው ተክል በጎችን ይገድላል። በ1918 ጓኒዲን የተባለ ውህድ የጥንቸሎችን የደም ስኳር እንደሚያወርድ በሙከራ ታየ። በጋሌጋ ውስጥ የሚገኘው የዚህ ዘመድ፣ ጋሌጂን፣ በ1920ዎቹ በስኳር ሕሙማን ላይ ተሞክሯል፤ ሌሎች ዘመዶቹ ጉበትና ኩላሊትን የሚጎዱ ሆነው ተጣሉ። ከእነዚሁ ዘመዶች አንዱ የሆነው፣ ሜትፎርሚን የሚባለው ውህድ በ1922 በደብሊን ቢሠራም ማንም ትኩር ብሎ አላየውም። ፈረንሳዊው ሐኪም ዣን ስተርን ለስኳር በሽተኞች መስጠቱን ጽፎ ያሳተመው በ1957 ነው። አሜሪካ የፈቀደችው በ1994 ነው። በ1998 የታተመ ትልቅ የብሪታንያ ጥናት፣ ወፍራም የሆኑ የሁለተኛው ዓይነት ስኳር ሕሙማን ሜትፎርሚን ሲወስዱ ድንገተኛ የልብ ሕመምና በስኳር ሳቢያ የሚመጣው ሞት እንደቀነሰ አሳየ። ዛሬ ይህ ነጭ ክኒን በሁሉም መድኃኒት ቤት አለ፤ ዋጋውም ከብዙዎቹ የስኳር መድኃኒቶች ያነሰ ነው። ጉበት ወደ ደም የሚለቀውን ስኳር ይቀንሳል፣ ኢንሱሊን የተሻለ እንዲሠራ ያግዛል፣ ክብደትንም በመጠኑ ዝቅ ያደርጋል።

ሁለተኛው ታሪክ ከፖም ዛፍ ይነሣል። በ1835 ኬሚስቶች ከፖም ዛፍ ሥር ልጣጭ ፍሎሪዚን የሚባል መራራ ነገር አወጡ። በ1886 ጀርመናዊው ሐኪም ዮሴፍ ፎን ሜሪንግ ይህ ነገር ስኳርን በሽንት እንደሚያስወጣ አሳየ። ፍሎሪዚን ራሱ አንጀት ውስጥ ስለሚፈርስ መድኃኒት አልሆነም፤ መልኩን ለውጠው ከ2012 ጀምሮ ዳፓግሊፍሎዚንና ወንድሞቹ ተፈቀዱ። ኩላሊት ስኳርን መልሶ እንዳይመጥ ይከለክላሉ፤ ከስኳር አልፈውም የልብና የኩላሊት ሕሙማንን ዕድሜ እንደሚያራዝሙ ታየ። ከልጣጩ እስከ ክኒኑ ያለው መንገድ ከመቶ ሰባ ዓመት በላይ ወስዷል።

እነዚህን ሁለት ታሪኮች ያስተዋለ ሰው አንድ ነገር ይገነዘባል። የፈወሰን ቅጠሉ እንዳለ አይደለም። በቅጠሉ ውስጥ ያለው ነገር ተለይቶ፣ ተመዝኖ፣ መርዙ ተነጥሎ፣ በብዙ ሺህ ሰው ላይ ተፈትኖ ነው። ሁለቱም መድኃኒቶች ደግሞ ረኃብን አላጠፉም። የታመመውን የስኳር ሥርዓት አገዙ፤ «ልብላ ወይስ ልተው» የሚለውን ውሳኔ ለሰውየው ተዉለት።

አንድ ቀን ከሰዓት በፊት አንዲት እናት መስኮቱ ላይ በክር የታሰረ ትንሽ ፌስታል አስቀመጡልኝ። ውስጡ አረንጓዴ ወደ ግራጫ የሚያደላ ዱቄት ነው፤ ጽሑፍ የለው፣ ቀን የለው። ሲፈታ አብሽ አብሽ ሸተተኝ፤ ከአብሹ በታች ግን ያላወቅሁት መራራ ነገር ነበር። «ከምን ከምን እንደተቀመመ አይነግሩም፤ ግን ተፈጥሯዊ ነው፣ ጉዳት የለውም አሉኝ» አሉ። ሌላ የሚወስዱት መድኃኒት ካለ ጠየቅኋቸው። ከቦርሳቸው ግሊቤንክላማይድ አወጡ፤ ቆሽትን ኢንሱሊን እንዲያፈስ የሚያስገድድ የስኳር ክኒን ነው። ጾም ላይ ነበርን። «እማማ፣ ጠዋት ይህን ውጠው፣ ዱቄቱን ጨምረው፣ እስከ ዘጠኝ ይቆያሉ?» አልኳቸው። «አዎ» አሉ። «ቀትር ላይ ያልብዎታል? እጅዎ ይንቀጠቀጣል?» ቀና ብለው አዩኝና፣ «ይንቀጠቀጣል፤ የጾሙ ድካም ነው ብዬ» አሉ። ስኳራቸው እየወረደ ነበር። በዚያ ሰዓት ራሳቸውን ስተው ቢወድቁ ቤት ያለው ሰው «ጾም አድክሟቸው» ይል ነበር።

«ሲንቀጠቀጡ ወዲያው ስኳር በውኃ በጥብጠው ይጠጡ፤ ዛሬውኑም ሐኪምዎ ጋር ይሂዱ» አልኳቸው። ፊታቸው ተለወጠ። «ጾም ልግደፍ?» አሉኝ። የመለስኩላቸውን አሁንም እደግመዋለሁ፤ ቤተ ክርስቲያን ለታመመ ሰው የምታዝን እናት ናት፣ የንስሐ አባትዎ ይህን ከእኔ የተሻለ ይነግሩዎታል።

«ተፈጥሯዊ ነው» የሚለው ቃል በሃይማኖተኛ ሕዝብ ዘንድ ትልቅ ኃይል አለው። እግዚአብሔር የፈጠረው እንዴት ይጎዳል እንላለን። ኮሶን የሚያውቅ ሕዝብ ግን እንዲህ ማለት አልነበረበትም። አያቶቻችን ኮሶ የሚጠጡት መጠኑን በሚያውቅ ሰው እጅ ነበር፤ መጠኑ ሲያልፍ ከትሉ ጋር ሰውየውንም ሊጥል እንደሚችል ያውቁ ነበርና። ኤፌድራ የተባለው የቻይና ዕፅ ለማክሳት በአሜሪካ በሰፊው ሲሸጥ ቆይቶ፣ ልብን እየጎዳ ሰው በመግደሉ በ2004 ታግዷል። የአረንጓዴ ሻይ ጭማቂ በክኒን ተዘጋጅቶ በብዛት ሲወሰድ ጉበትን ሊጎዳ እንደሚችል የአውሮፓ የምግብ ደኅንነት ባለሥልጣን በ2018 አስታውቋል። ከዚህ የሚከፋው ደግሞ ማጭበርበሩ ነው። ሲቡትራሚን የተባለው የማክሻ መድኃኒት የልብና የአንጎል ደም ሥር አደጋ በማምጣቱ በ2010 ከአውሮፓና ከአሜሪካ ገበያ ወጣ፤ ከዚያ በኋላም «ንጹሕ ዕፅ» ተብለው በሚሸጡ ማክሻዎች ውስጥ ተደብቆ በተደጋጋሚ ተገኝቷል። ገዢው የእግዚአብሔርን ቅጠል የዋጠ መስሎት የታገደ ኬሚካል ውጧል።

ቅዱሳት መጻሕፍት ስለ ዕፅ የሚሉት ከዚህ የዋህነት ይለያል። መጽሐፈ ሲራክ መድኃኒት ከምድር የፈጠረው እግዚአብሔር መሆኑንና አስተዋይ ሰው እንደማይንቀው ይናገራል፤ በዚያው ምዕራፍ ግን ሐኪምን አክብር ይላል፣ የመድኃኒት ቀማሚውንም ሥራ ያነሣል። ንጉሡ ሕዝቅያስ ታሞ አልቅሶ ሲጸልይ፣ ዕድሜ እንደተጨመረለት የነገረው ነቢዩ ኢሳይያስ ራሱ የበለስ ጥፍጥፍ በቁስሉ ላይ እንዲደረግ አዝዟል። ጸሎቱ ተሰምቶ ሳለ በለሱ አልቀረም። ከሁሉም በላይ የሚያስደንቀኝ ግን ዳንኤል ነው። ከንጉሡ ማዕድ አልበላም ሲል የጃንደረቦቹ አለቃ የሾመባቸውን ኃላፊ «እመኑኝ» ብቻ አላለም። ጥራጥሬና ውኃ ለዐሥር ቀን ስጡን፣ ከዚያ የእኛን ፊት ከንጉሡ ማዕድ ከሚበሉት ፊት ጋር አስተያዩ፣ በምታዩትም መሠረት አድርጉ አለ። የተወሰነ ጊዜ፣ ሁለት ወገን፣ ማነጻጸር፣ በውጤቱ መፍረድ! ዳንኤል እምነቱ የጸና ስለነበር ፈተናን አልፈራም። አንድን ቅጠል «ይፈተን» ማለት እንግዲህ ፈጣሪን መጠራጠር አይደለም። መፈተንን የሚፈራው ሻጩ ነው።

አብሽን እዩ። ውኃ ውስጥ አድሮ ሲመታ የሚወጣው ዝልግልጉ አሰር ስኳር ከአንጀት ወደ ደም የሚገባበትን ፍጥነት ያዘገያል፤ የጾም ስኳርን በመጠኑ ዝቅ እንደሚያደርግ ያሳዩ አነስተኛ ጥናቶች አሉ። መልካም ምግብ ነው፤ ከመድኃኒት ጋር ሲደረብ ግን ሐኪም ሊያውቀው ይገባል። ኮንሶዎች ሽፈራውን በእርከናቸውና በግቢያቸው ተክለው ቅጠሉን ኩርኩፋ ከሚባለው ምግባቸው ጋር ይመገቡታል። በእነሱ ዘንድ ቅጠሉ ሰውን የሚያቆም ምግብ ነው፤ በከተማችን ሱቆች ግን «ያከሳል» ተብሎ በጣሳ ይሸጣል።

ይህ ወደ ጥያቄዬ ልብ ያደርሰኛል። በካላሃሪ በረሃ ሆዲያ የሚባል እሾኻማ ተክል አለ። የሳን ሕዝቦች ለአደን ረጅም መንገድ ሲሄዱ እሾኹን ልጠው ግንዱን ያኝኩታል፤ ረኃብንና ጥማትን ለማስታገስ። የደቡብ አፍሪካ መንግሥት የምርምር ተቋም ከተክሉ ፒ57 የተባለውን ውህድ ለይቶ የባለቤትነት መብት አወጣበት። መብቱ በ1997 ለአንድ የብሪታንያ ኩባንያ፣ በ1998 ደግሞ ለፋይዘር ተላለፈ። የእውቀቱ ባለቤት የሆነው የሳን ሕዝብ አልተጠየቀም ነበር፤ ከሙግት በኋላ የጥቅም ተካፋይ የሚያደርጋቸው ስምምነት የተፈረመው በ2003 ነው። በዚያው ዓመት ፋይዘር ተወው። ዩኒሊቨር ተቀብሎ በ2008 እሱም ተወ። በ2011 በታተመው ሙከራ ሆዲያ የወሰዱት ሴቶች አስመሳይ መድኃኒት ከወሰዱት ያነሰ አልበሉም፤ የደም ግፊታቸውና የልብ ምታቸው ግን ጨምሯል።

አንዱ ምግብ በማጣቱ ረኃቡን ሊረሳ ያኘከውን ተክል፣ ሌላው ምግብ ስለበዛበት ሊገዛው ፈለገ። እኛም አገር ይህን ተክል የሚመስል አለን። ጫት ውስጥ ያለው ካቲኖን ከአምፌታሚን ጋር የሚቀራረብ ነው፤ ረኃብን ያጠፋል፣ ደም ግፊትን ከፍ ያደርጋል። ቅጠሉ ሲደርቅ የሚቀረው ካቲን በአንዳንድ አገሮች የምግብ ፍላጎት መቀነሻ ሆኖ ተሽጧል። በየሕንፃ ግንባታው ምሳውን በጫት የሚያልፍ ወጣት አለ። ረኃቡ ጠፍቷል፤ አልጠገበም። እስከ ማታም ቆይቷል፤ አልጾመም። የረኃብ ድምፅ መጥፋት ብቻውን በጎነት ቢሆን ኖሮ ይህ ልጅ ከመነኩሴ በተቆጠረ ነበር።

ዛሬ ረኃብን በእርግጥ የሚያረግቡ መድኃኒቶች መጥተዋል። ከቅጠል የመጡ አይደሉም፤ የአንጀትን ሆርሞን የሚመስሉ መርፌዎች ናቸው። ለክብደት መቀነሻ በ2021 በአሜሪካ የተፈቀደው ሴማግሉታይድ በሙከራ በ68 ሳምንት ከክብደት 15 በመቶ ያህል ቀንሷል፤ ባቆሙት ሰዎች ላይ ግን በአንድ ዓመት ውስጥ ከቀነሱት ሁለት ሦስተኛው ተመልሷል። የቅጠል ነጋዴዎች አሁን በእነዚህ መርፌዎች ስም እየማሉ ቤርቤሪን የተባለውን የዕፅ ውህድና ሌላ ሌላውን ይሸጣሉ። የቤርቤሪን ውጤት በክብደት ላይ ከመርፌው ጋር የሚነጻጸር አይደለም።

ፍርዴ ይህ ነው። ከመጠን ያለፈ ረኃብ ያለበት፣ ሜታቦሊዝሙ የተዛባ ሰው በሐኪም እጅ መድኃኒት ቢወስድ ከትግሉ አልሸሸም። መድኃኒቱ ሌላው ሰው ከተፈጥሮው ወዳገኘው ቦታ አደረሰው፤ የመጾምና የመብላት ምርጫ ከዚያ ይጀምራል። ያ ምርጫ የሱ ነው፤ ማንም ክኒን አይመርጥለትም። መድኃኒት የተዛባውን ረኃብ ያስተካክላል፤ ሆዳምነትን አያድንም፣ ምክንያቱም ሆዳምነት የሆድ ብቻ አይደለም። ጾም ደግሞ ከረኃብ ባሻገር ጸሎትና ምጽዋት አለው። ያልበላሁትን ምሳ ለማን ሰጠሁት የሚለውን ጥያቄ የሚመልስ ቅጠል በየትኛውም ጫካ አይበቅልም። ጤነኛ ሆኖ ሳለ ጾሙ እንዲቀልለት ብቻ ረኃቡን የሚያደነዝዝ ሰው ግን ጾሙን ያሳጣው ራሱ ነው።

የእናቴ ስኳር በምርመራ ሲታወቅ ሜትፎርሚን ታዘዘላት። ለመዋጥ አቅማማች። የንስሐ አባቷ «መድኃኒት ምግብ አይደለም፤ ሐኪሙ ባለው ሰዓት ዋጪ፣ ጾምሽንም እንደ አቅምሽ እኛ እናስተካክላለን» አሏት። ክኒኑ ባዶ ሆድ ላይ ስለሚያቅለሸልሽ ሐኪሟ ሰዓቱን ከዘጠኝ ሰዓቱ ምግብ ጋር አገናኘላት። ጥቂት ኪሎ ቀነሰች፤ ስኳሯ ተስተካከለ። ሰውነቷ አሁንም ከባድ ነው፤ ጾሟም እንደ ትናንቱ እውነተኛ ነው።

ስለዚህ ይህን የምታነቡ ሁሉ፣ ልመናዬ ቀላል ነው። ስም የሌለው ዱቄት በእጃችሁ ካለ ከመዋጣችሁ በፊት ለሐኪማችሁ ወይም ለመድኃኒት ባለሙያ አሳዩ፤ በሽታውን የደበቀ መድኃኒት አይገኝለትም፣ የሚወስደውን የደበቀም እንዲሁ። የስኳር ወይም የደም ግፊት መድኃኒት የምትወስዱ ጾመኞች፣ ክርስቲያንም ሆናችሁ ሙስሊም፣ ጾሙ ከመግባቱ በፊት ሐኪማችሁንና የሃይማኖት አባታችሁን ሁለቱንም አማክሩ። ካህናት አባቶቻችንም በጾም መግቢያ ስብከታችሁ ላይ ለሕሙማን አንድ ቃል ጨምሩላቸው። በወፍራም ሰው ጾም ላይ ደግሞ ማናችሁም አትፍረዱ።